ሰፈፍ ፍለጋ በደባርቅና በዳባት

ከተመለስሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ ዘንቢል ይዤ ገበያ ስወጣ እያዩ ይስቃሉ። ሽንኩርት ሻጯም «እማማ፣ ፌስታል እምቢ የሚሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» ትለኛለች። ምን እንደነካኝ ይጠይቁኛል። መልሱ ቆሞ የሚነገር አይደለም፤ የስድስት ቀን መንገድ ነው። ደባርቅን ላላያችሁ፣ ምናልባትም ለማታዩት፣ እንደሄድሁበት እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በስለት ነው። ልጄ ኤልያስ የመንገድ ቀያሽ ሆኖ ደባርቅ ሲሠራ ሳንባ ምች ያዘው። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ፣ ኮተቤ፣ አልጋ ላይ የዋለች እናቴን አስታምም ነበር። ትቻት መሄድ አልቻልሁም። በስልክ ሲያስል ሰማሁት። ስልኩን እንደዘጋሁ «ደባርቅ ያለሽው እመቤቴ፣ ልጄን ብታተርፊልኝ አርባ ጧፍ ይዤ ደጅሽ እመጣለሁ» አልሁ። ደባርቅ ማርያም ትኑር አትኑር አላውቅም። የት የለችም ብዬ ነው።

ልጄ ዳነ። አሁን ጅማ ይሠራል። እናቴም በሰላም አረፈች። የሚያስቀረኝ ነገር ስላልነበረ፣ ለኅዳር ጽዮን በዓል እንድደርስ ኤልያስ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠልኝ።

ማክሰኞ

ጧፉን የገዛሁት ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። ቀጭን፣ ቢጫ፣ ቀጥ ያለ የፋብሪካ ጧፍ። ዐሥር ዐሥሩ የወርቅ ቀለም ያለው ጽሑፍ በታተመበት በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ታሽጓል። ሻጩ አራቱን እሽግ በፌስታል አደረገልኝ። እንዳይቀደድ ብሎ ሌላ ፌስታል ደረበበት። እኔም መረቅሁት።

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ገና ረፋድ ነው። ከጎንደር ሚኒባስ ያዝሁ። ረዳቱ «እናቴ፣ ጋቢና ይግቡ» ብሎ አንድ ጎረምሳ አስነሥቶ አስቀመጠኝ። በኛ ሰፈር ታክሲ ለእናት መነሣት ከቀረ ቆየ። ኮሶዬ ላይ ሾፌሩ ሳይለመን አቆመ። ገደሉ ከእግራችን ሥር ተከፍቶ ቁልቁል ይታያል። ጭላዳዎች መንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ። ሁሉም ስልኩን አወጣ። እኔ ገደል ስለምፈራ ጭላዳዎቹን ብቻ አየሁ። እነሱም እኔን አዩኝ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቅቅል ድንች ገዛሁ። ሴትየዋ በፌስታል አድርጋ፣ ሚጥሚጣውን ደግሞ በትንሽ ፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ። ድንቹ የኮተቤን ድንች ያስንቃል። በልቼ ስጨርስ ሁለቱን ፌስታል እንደ ሰዉ በመስኮት ወረወርሁ። ይህንንም ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ።

ደባርቅ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል። መናኸሪያው በር ላይ ወይዘሮ እንጉዳይ ቆማ ጠበቀችኝ። ለልጄ ክፍል ያከራየችው፣ ሲታመምም ያስታመመችው እሷ ናት። በስልክ እንጂ በዐይን ተያይተን አናውቅም። እግሯን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«ኧረ በማርያም! እትዬ ጸዳለ፣ ምን ሆነዋል?»

«ልጄን አትርፈሽልኛል።»

«ሾርባ ነው ያጠጣሁት። ያተረፈችው ሌላ ናት።»

ማታ የባቄላ ሽሮ በገብስ እንጀራ አቀረበች። ጠገብሁ ስላት «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ» እያለች ሦስት ጊዜ አጎረሰችኝ። ልጄ በታመመበት አልጋ ላይ ተኛሁ። ሁለት ጋቢ ደርባልኝ ነበር።

ረቡዕ

ማርያም ከከተማው ወጣ ብላ፣ ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ፣ የአንድ ሰዓት እግር ናት። እንጉዳይ አብራኝ ሄደች። አጥሩ የድንጋይ ካብ ነው። ውስጡ ጥድና ወይራ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። ከውጭ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ከውስጥ ጫካ።

ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት አባት፣ ደጀ ሰላሙ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። መስቀል ተሳለምሁ። ታሪኬን ነግሬ እሽጉን አወጣሁ። አንዱን ፈትተው አንድ ጧፍ መዘዙ። ቀና አድርገው አዩት፤ አሸተቱት።

«ከአዲስ አበባ ድረስ?»

«አዎ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። ስለትሽ ደርሷል። ልብሽን ተቀብላለች።» ጧፉን ወደ እሽጉ መለሱት። «መቅደስ አጠገብ ግን አናበራውም። ለደጀ ሰላሙ እናደርገዋለን።»

ተነሥተው ወደ ውስጥ መሩኝና ግድግዳውን አሳዩኝ። የእመቤታችን ሥዕል እስከ ደረቷ ጠቁሯል።

«ይህ የሰም ጧፍ አይደለም። ከነዳጅ የሚወጣ ነው። ጢሱ ሥዕሏን ጥቀርሻ አለበሳት። የሰም ጧፍ አባቶቻችን ይህን ያህል ዘመን ሲያበሩ እንዲህ አልሆነችም።»

ስንወጣ ዛፎቹን ልብ ብዬ አየሁ። ስገባ ወፍ ያረፈባቸው መስሎኝ ነበር። ፌስታል ነው። ጥዱ ላይ ጥቁር፣ ወይራው ላይ ነጭ፣ ካቡ ሥር ሰማያዊ።

«ገበያው እኮ ሩቅ ነው አባቴ። ነፋስ ነው የሚያመጣው?» አልሁ።

«ነፋስ ምን በወጣው። ስለት አምጪው ነው። ዕጣኑ በፌስታል፣ ጥላው በፌስታል፣ መጋረጃው በፌስታል። ለእመቤታችን ሰጥቶ ማሸጊያውን ለኛ ጥሎ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት አንዲት ጊደር ሞተችብን። እሷም ስለት ነበረች። ሆዷ ሲከፈት የበላችው ፌስታል እንዲህ ሆኖ ወጣ» ብለው ሁለት እጃቸውን እንደ ትልቅ ድቡልቡል ዳቦ አደረጉ። «አንዱ ስለት ሌላውን ስለት ገደለው።»

ያን ጊዜ ከፊቴ ባለው የወይራ ቅርንጫፍ ላይ የወርቅ ቀለም አየሁ። የኔው ዓይነት የጧፍ ማሸጊያ ነው። ከኔ በፊት ሌላ ሰው አምጥቶታል። የኔ አራቱ ደግሞ እጄ ላይ ናቸው።

«አባቴ፣ በዓሉ እሑድ ነው። እስከዚያ የሰም ጧፍ ይዤ ብመጣስ?»

«ካገኘሽ እሰየው። ካጣሽ ግን አትጨነቂ።»

«መጨነቅ ልማዴ ነው።»

ሳቁና ባረኩኝ። የፋብሪካውን ጧፍ መልሼ ያዝሁት። መብራት ሲጠፋ ለእንጉዳይ ቤት ይሆናል። ማሸጊያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። መንገዱን ሁሉ ያሰብሁት አንድ ነገር ነው። አርባ ጧፍ፣ አራት ቀን።

ሐሙስ

ጠዋት የደባርቅን ሱቆች ዞርናቸው። ባለሱቆቹ ትሑቶች ናቸው፤ የሚሰጡት መልስ ግን አንድ ነው። «የፋብሪካ እንጂ የሰም የለም። ሰሙን ነጋዴ ከነማሩ ጭኖ ይወስደዋል።» መንገዴን ሽንኩርት ገዛሁና ወጣሁ። እንጉዳይ ቆማ ታየኛለች።

«ምነው?»

«እጅዎን ይዩት።»

ሽንኩርቱን በፌስታል ተቀብያለሁ። ትናንት ጫካው ውስጥ በፌስታሉ ያዘንሁ ሴት! እጅ የለመደውን አይተውም። ተመልሼ ፌስታሉን ሰጠሁ፤ ሽንኩርቱን በነጠላዬ ቋጠርሁ። ባለሱቁ ዋጋ አስቀንሳለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር።

ምሳ ላይ እንጉዳይ አንድ ሐሳብ መጣላት።

«ሰፈፍ እኮ ጠጅ ቤት አይጠፋም!»

ለማያውቅ ላስረዳ። ጠጅ ሲጣል ማር በውኃ ይበጠበጣል። በማሩ ውስጥ ያለው ሰም ከላይ ይንሳፈፋል። ያ ነው ሰፈፍ የሚባለው። ተለቅሞ፣ ቀልጦ፣ ተጣርቶ ጧፍ ይሆናል። እኔ በዕድሜዬ ጠጅ ቤት ገብቼ አላውቅም። «ለማርያም ነው» ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ።

የመጀመሪያው ጠጅ ቤት ሰፈፉን ለነጋዴ ሸጧል። ሁለተኛው ዝግ ነው። ሦስተኛው የወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት ነው። በሩ ላይ በትልቁ «ንጹሕ የማር ጠጅ» የሚል ተጽፏል። ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለነበር ጾመኞቹም ብርሌ ይዘዋል። አራት ናቸው። አንደኛው ሻሽ የጠመጠሙ ሽማግሌ።

ጥሩወርቅ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ፈገግተኛ ሴት ናት።

«ይግቡ እናቴ፣ ይቀመጡ። ብርሌ ላምጣልዎ?»

«እኔስ ጠጁን አይደለም። ሰፈፍ ፈልጌ ነው። ለማርያም ጧፍ ላሠራ።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ሰፈፍ የለም።»

«ትንሽም ብትሆን።»

«የለም፣ አልቋል።»

እዚህ ላይ መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ቸግሮኛልና ለመንሁ። «ከትናንቱ ጥንስስ የቀረ ቢኖር ብዬ እኮ ነው። የማር ጠጅ ከሆነ ሰፈፍ ወዴት ይጠፋል?»

ጠጪዎቹ ወደ ጥሩወርቅ ዞሩ። ከዚያ ባለሻሹ ሽማግሌ ብርሌያቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት።

«እንግዳይቱ ደግ ጠየቁ። ጥሩወርቅ፣ ሰፈፍ ወዴት ይጠፋል?»

«ሰፈፍ የሌላት ንብ የትኛዋ ናት?» አለ ሁለተኛው።

«ፋብሪካ የምትሠራዋ ናታ!» አለ ሦስተኛው። «በኩንታል ነው የምታመርተው፣ ነጭ ነጩን!»

«ስኳር! ይኸን ሁሉ ጊዜ ስኳር በጌሾ ስታጠጪን!» አለ አራተኛው።

ሽማግሌው ብርሌውን አስቀምጠው ወጡ። ሦስቱም ተከተሉ። ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞረች። እርስዎ ማለቱም ቀርቷል።

«ጧፍ ላብራ ብለሽ መጥተሽ ቤቴን አቃጠልሽው! ውጪልኝ!»

ወጣሁ። እንጉዳይ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ትንፈራፈራለች። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ቤት ገብቼ፣ እናቴ ብላ የተቀበለችኝን ሴት በእንግዶቿ ፊት አዋረድሁ። ሳላውቅ ነው። ግን አድርጌዋለሁ። ወንጌሉ የሚለውን ደግሞ አውቃለሁ። የተቀየመሽ ሰው ካለ መባሽን ትተሽ መጀመሪያ ታረቂ ነው። እንግዲህ የጎደለኝ ሁለት ሆነ። ሰምና ይቅርታ።

ዓርብ

ጠዋት ጥሩወርቅ በር ላይ ቆሜ አንኳኳሁ። ከውስጥ ኮቴ ይሰማል፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

እንጉዳይ ዳባት ላይ ንብ የሚያረባ አጎት እንዳላት ሌሊቱን ትዝ ብሏታል። «ምን ነካኝ፣ ጠጅ ቤት ከማዞርዎ በፊት!» ብላ ራሷን ወቀሰች። የራሷን ዘንቢል ሰጥታ ሚኒባስ ላይ አሳፈረችኝ። ዘንቢሉ ሰፊ ነው፤ ማንገቻው በቆዳ ተጠግኗል።

ዳባት ከደባርቅ ይሞቃል፤ ሰውም ቀስ ብሎ ይሄዳል። የእንጉዳይን አጎት አያ ስንሻውን የማያውቅ የለም። ከአስፋልቱ በላይ ግማሽ ሰዓት ወጣሁ። ግቢያቸው ውስጥ ቀፎዎቹ ከዛፍ ዛፍ ተሰቅለዋል። እሳቸው ደግሞ ከሥራቸው ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ።

«ቀስ ብለሽ ነይ። ሽቶ አልተቀባሽም?»

«አልተቀባሁም።»

«እንግዲያው ንቦቹ ወደውሻል።»

በርጩማ አወጡ፤ ጠላና ቆሎ አቀረቡ። ነገሬን ሁሉ ነገርኋቸው። ጠጅ ቤቱ ላይ ስደርስ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ጥሩወርቅ ዱሮ ማሯን ከኔ ነበር የምትወስድ። ነጋዴዎች መጥተው ዋጋውን ሰቀሉት። እኔም ለነሱ ሸጥሁ። እሷ የምትከፍለው አልነበራትም። ስኳሩን እሷ ብትጠምቀውም፣ እኔም አለሁበት።»

ማሩን ነጋዴ ወስዶታል። የቀራቸው ለቤት ያሉት ጥቂት ማርና ከአሮጌ ቀፎ የወጣ ደረቅ የማር እንጀራ ነው። እሱን አቅልጠው ያስቀመጡት ሁለት ድቡልቡል ሰም ከጎተራ ጀርባ አወጡ። ጡብ ያህላሉ፤ ሽታቸው ግቢውን ሞላው።

«ስንት ነው አያ ስንሻው?»

«ለማርያም አይሸጥም። ሰም ደግሞ ማሸጊያ አይፈልግም። እንዲሁ ዘንቢልሽ ውስጥ ጣይው።»

የቤታቸውን ማር ግን ለምኜ፣ ገንዘብ ከፍዬ ወሰድሁ። ለጥሩወርቅ ነው። ፕላስቲክ ባልዲ አመጡ። «ሌላ የለም?» አልሁ። ሳቁብኝና ቅል ፈልገው ሞሉልኝ። አፉን በቅጠል ወተፉት።

እዚህ ላይ ትዕቢቴ ተቀጣ። ሚኒባስ ውስጥ ዘንቢሉን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁ። ከጎኔ ጥቁር ኮት የለበሱ ሰው ተቀምጠዋል። ከኋላ ሁለት ጓደኞቻቸው አሉ። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ሰውየው ቅሉን እያዩ «ፌስታል ልስጥዎት? ቢደረብበት ይሻላል» አሉ። «አያስፈልግም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁ በኩራት። ትንሽ እንደሄድን ሰውየው ጭናቸውን ዳሰሱ። ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አመጡ። ከዚያ ወደ አፋቸው።

«እናቴ፣ እርስዎ ዘንድ የሚፈሰው ማር ነው?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ውታፉ ወጥቷል፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጨቅይቷል።

«የት እየሄዱ ነበር?» አልሁ በፍርሃት።

«ለሽምግልና። ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ።»

ከኋላ ያሉት ጓደኞቻቸው በሳቅ ፈነዱ። «በቃ ተሰጠን! ማር የተቀባ ሽማግሌ ማን እምቢ ይላል?» ረዳቱ ጣቱን ልኮ ቀመሰ። ሾፌሩም «ለኔስ?» አለ። ደባርቅ ስንደርስ ቅሉ እስከ ግማሹ ጎድሏል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ጣቱን ያልላሰ የለም። ሰውየው ሲወርዱ ሱሪያቸውን አላጠቡም። «ይቅር፣ ገድ ይሆነናል» አሉ። እንደቀናቸው ተስፋ አደርጋለሁ።

ጸሐይ ሳትጠልቅ ጥሩወርቅ በር ደረስሁ። በዚህ ጊዜ በሩ ክፍት ነው። ውስጥ ሰው የለም። እሷ ብቻዋን ብርሌ ታጥባለች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልሁ ደጃፉ ላይ ቆሜ።

ቀና አላለችም። «ውሸት አልተናገርሽም።»

«እውነትም ቢሆን በሰው ፊት ልለው አይገባም ነበር።»

«እነዚህን ዛሬ ሁለት ጊዜ አጠብኋቸው» አለች። «የጠጣባቸው ሰው ግን የለም።»

ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። አየችው። በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰች።

«ይህ የአያ ስንሻው ማር ነው።»

«ላንቺ ነው። እሳቸውም ተጸጽተዋል።»

ቅሉን አነቃነቀች። «ግማሹን ማን በላው?»

«ሽማግሌዎች።»

ነገሩን ስነግራት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፤ አልቻለችም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ዘንቢሉ ውስጥ ያለውን ሰም አይታ «ማን ይሠራልሻል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም። እኔም ሠርቼ አላውቅም።»

«ሳታውቂ ነው የተሳልሽ?» ራሷን ነቀነቀች። «አባቴ የማርያም አገልጋይ ነበር። ጧፍ ስሠራ ነው ያደግሁት። ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ፈትል ብቻ ፈልጊ።»

ቅዳሜ

ፈትል ፍለጋ ማልጄ ወጣሁ። ባለሱቁ የሰጠኝ ነጭ፣ ጠንካራ ክር ነው። ጥሩወርቅ ገና ስታየው ጫፉን እሳት ላይ አደረገችው። ተኮማትሮ ጠቆረና ተንጠባጠበ።

«ናይለን ነው። ከፕላስቲክ ሸሽተሽ በጧፉ መሐል ልታነድጂው ነው? ጥጥ ሲነድ ዐመድ ይሆናል እንጂ እንዲህ አያለቅስም።»

እንጉዳይ ከጎረቤቷ በእጅ የተፈተለ ጥጥ አመጣች። አሁን ኮተቤ ስገዛ እኔም ጫፉን አቃጥዬ አያለሁ። ባለሱቆቹ አይወዱልኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰሙ በፍል ውኃ ላይ ቀልጦ በጨርቅ ይጣራል። ፈትሉ ተደርቦ ሰሙ ውስጥ ይነከራል። ሞቅ እንዳለ በሁለት እጅ እየተሳበ ይታሻል። እንደገና ይነከራል። በመጨረሻ በሰሌዳ ላይ ይድበለበላል። ጥሩወርቅ ስትስበው ቀጥ ይላል። እኔ ስስበው እንደ እባብ ይጠመዘዛል።

«እትዬ ጸዳለ፣ ይህ ጧፍ የደባርቅን መንገድ ይመስላል» አለች እንጉዳይ።

«ልጄ ነው የቀየሰው» አልሁ።

እንጉዳይ ሰም ያቀለጥንበት ድስቷ ከእንግዲህ ወጥ እንደማይሠራበት ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። «ለማርያም ይሁን» አለች። ድስቱ አዲስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰሙ አለቀ። ደረደርናቸው። ሠላሳ አንድ። ደግመን ደረደርናቸው። ያው ነው። አርባ ብያለሁ። ለእመቤታችን የተባለ ቁጥር አይቀነስም።

«ከፋብሪካው ዘጠኝ ብንጨምርበት?» አልሁ ቀስ ብዬ።

ጥሩወርቅ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እመቤታችንን ልታታልያት ነው? እኔ እንኳ የማታልለው ጠጪ ነው።»

ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። እኔ ግን ስተኛም ዘጠኙን አልረሳሁም።

እሑድ

ሠላሳ አንዱን ጧፍ በሰፌድ አድርገን በነጠላ ሸፈንነው። ሦስታችንም ተከታትለን ወጣን። ውርጩ ገና አልቀለጠም። ማሳው ሁሉ ነጭ ነው። ከየአቅጣጫው ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ይመጣል። የኮተቤ በዓል በመኪና ጡሩምባ ይጀምራል። እዚህ የሚሰማው የእግር ድምፅ ነው።

ቅዳሴው አልቆ ስለት ሲቀበሉ ቄሰ ገበዙ ፊት ቆምሁ። ነጠላውን ገለጥሁ። አንዱን አነሡና አሸተቱት። ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«አባቴ፣ ጎድሏል። ሠላሳ አንድ ነው። የተሳልሁት አርባ ነበር። ሰም አለቀብኝ።»

ከመመለሳቸው በፊት ጥሩወርቅ ከኋላዬ ወጣች።

«ዘጠኙ በኔ ነው አባ። አያ ስንሻውን በስልክ አነጋግሬዋለሁ። ማሩን በዱቤ ይሰጠኛል። የሚቀጥለው ጥንስስ የማር ነው። ሰፈፉ ሲወጣ ዘጠኙን እኔ አመጣለሁ።»

ቄሰ ገበዙ ትክ ብለው አዩዋት። «ጥሩወርቅ፣ ያልሽው በማርያም ፊት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰምተናል!» አለ ከሰዉ መሐል አንድ ድምፅ። ባለሻሹ ሽማግሌ ናቸው። ሰዉ ሳቀ። ጥሩወርቅ ቀላች፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ ዞሩ። «ስለትሽ እጇ ላይ ነው፤ ታምኛታለሽ?»

«አምናታለሁ።»

«እንግዲያው ሂጂ። በሰላም ግቢ።»

ጧፎቹ መቅደሱ አጠገብ በሩ። የኔ ጠማሞቹ ከጥሩወርቅ ቀጥ ያሉት ጋር ጎን ለጎን ናቸው። ጢስ አልነበራቸውም። ቤቱ ማር ማር ሸተተ። ልጄን አሰብሁ፤ አሁን የሚተነፍሰውን ትንፋሽ። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

በማግሥቱ ተመለስሁ። እንጉዳይ ዘንቢሉን መልሼ አልቀበልም አለችኝ። አራቱን ማሸጊያ ይዤ ኮተቤ ገባሁ።

የጥምቀት ሰሞን እንጉዳይ ደወለች። ቤቱ ሁካታ ነው፤ የምትደውለው ከጥሩወርቅ ጠጅ ቤት ነው።

«እትዬ፣ ጧፉ ገባ! ዛሬ በራ!»

«ዘጠኙም?»

«ዐሥራ አንድ ነው። ሁለቱን የራሴ ናቸው ብላለች።»

«ለምን ተሳለች?»

«ጠይቄያት ነበር። ምን አገባሽ አለችኝ።»

«ጠጁስ እንዴት ነው?»

«ዋጋው ጨመረ። ሁሉም ያማርራል፤ ማንም ግን አልቀረም። ሽማግሌው ሳይቀመጡ በፊት ሰፈፉን አሳዪኝ ይሏታል። እሷም ታሳያቸዋለች።»

ከኋላ የጥሩወርቅ ድምፅ ተሰማ፤ «ስለትሽ ሞልቷል በያት! አሁን እንቅልፏን ትተኛ!»

ተመስገን አልሁና ስልኩን ዘጋሁ። እውነትም ያን ዕለት ደኅና ተኛሁ።